ስምንተኛው ገመድ

ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ከግላስጎው የመጣው ባቡር ሲቆም የወረድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። በማዶ በኩል ግን ወደ ግላስጎው የሚሄደውን ባቡር የሚጠብቅ ሰው ጣቢያውን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶታል። ሁሉም ቦርሳ አንግቷል፣ ሁሉም የወረቀት ኩባያ ይዟል፣ የሚያወራ የለም። ባቡራቸው መጥቶ ጠራርጎ ወሰዳቸው። በጣቢያው የቀረነው እኔ፣ ሻንጣዬና አንዲት እርግብ ነበርን።

ስኮትላንድ የሄድኩት ለሥራ ነው። ሰፈራቸውን ስለለቀቁ ሰዎች የጀመርነውን ተከታታይ ዘገባ አዘጋጃችን በውጭ አገር ምሳሌ እንድዘጋው ፈለገ። ይህች ከተማ ብረት የምታቀልጥ ነበረች። ፋብሪካው ከተዘጋ አንድ ትውልድ አልፏል፤ አሁን ነዋሪው ግላስጎው ውሎ እዚህ ያድራል። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ የተቀበሉኝ በለቅሷቸው ላይ ነውና።

ከዘገባው ሌላም ጉዳይ ይዤ ነበር የሄድኩት። የተወለድኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ጎረቤት ተበተነ፤ ገሚሱ ገላን ጉራ፣ ገሚሱ ቦሌ አራብሳ፣ የቀረው ዘመድ ጋ። እድሩ ግን ሰፈር የሌለው እድር ሆኖ ቀጠለ። ጥሩምባ ነፊው ቀርቶ ለቅሶ በቴሌግራም ይነገራል። ባለፈው ያጋጠመን ለቅሶ ላይ ግን ድንኳኑ ካዛንቺስ አካባቢ ከተከራየንለት መጋዘን ተጭኖ፣ መንገድ ላይ ተይዞ፣ ሰው ከቀብር ከተመለሰ በኋላ ደረሰ። ኮሚቴው ስብሰባ ጠራ፤ እኔ በምመለስበት እሁድ። አጀንዳው አንድ ነው፦ እድሩ ይቀጥል ወይስ ይፍረስ። የእናቴ አባልነት ወደ እኔ ስለተላለፈ ድምፅ አለኝ። ይፍረስ ለማለት ወስኜ ነበር። የማምነው ያየሁትን ነው፤ ያየሁት ደግሞ ዘግይቶ የደረሰ ድንኳን ነው።

ከመነሳቴ በፊት ገላን ጉራ ሄጄ እትዬ በላይነሽን ተሰናበትኳቸው። ካዛንቺስ ሳለን ከእናቴ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ነበሩ። አሁን ብቻቸውን ናቸው።

«እሁድ ልታፈርሱት ነው አሉ» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ገና ውይይት ነው እትዬ።»

«ውይይት! ከሙሽርነቴ ጀምሮ የስንቱን ለቅሶ ወጥ ሳማስል ኖሬ፣ የኔ ቀን ሲደርስ ውይይት?» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቀጥለው ቀስ ብለው፣ «ፈረንጅ አገር ነው የምትሄጂው አይደል? እስቲ እነሱን ማን እንደሚቀብራቸው ጠይቂልኝ» አሉኝ።

እጠይቃለሁ ብዬ ወጣሁ።

ያረፍኩበት ቤት ከጣቢያው ብዙ አይርቅም። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ካሠራቸው፣ ጎን ለጎን ከተያያዙ ቤቶች አንዱ ነው። ካዛንቺስም ስሟን ያገኘችው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው። እኛ ጋ ሠራተኞቹ ሄደው ቤቶቹ ቀሩ። እዚህ ሰዎቹ አሉ፤ የሄደው ሥራው ነው። የቤቱ ባለቤት ሰባውን ያለፉ፣ ባላቸው የፋብሪካው ሠራተኛ የነበረ ሴት ናቸው። «ማርግሬት በይኝ» አሉኝ። የእናቴን እኩያ በባዶ ስም መጥራት አልሆነልኝም። በልቤ እትዬ ማርግሬት አልኳቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ረፋዱ ላይ የድሮውን ፋብሪካ ቦታ ለማየት አውቶቡስ መጠበቂያ ቆምኩ። አንድ አውቶቡስ ሳይቆም አለፈ። ብዙ ቆይቶ ሌላ መጣና በማዶ በኩል ቆመ፤ ሹፌሩ መስኮቱን ከፈተ።

«ቅድም ሳልፍም እዚሁ ነበርሽ። ወዴት ነሽ?»

«ወደ ድሮው ፋብሪካ።»

«እዚህ አገር መኪና በግራ ነው የሚሄደው የኔ እመቤት። በዚያ አቋቋምሽ እስከ ገና ትጠብቂያለሽ። ተሻገሪና ግቢ።»

ያሳፈረው እኔን ብቻ ነበር። እኛ አገር ቢሆን ረዳቱ ከሩቅ ጮሆ፣ ክንዴን ይዞ አሻግሮ፣ ወንበር ላይ ጠቅጥቆኝ ነበር። ናፈቀኝ።

ፋብሪካው የነበረበት ሜዳ አሁን አዳዲስ ቤቶች ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ንጹሕ። የመንገዶቹ ስም ግን የፋብሪካው ነው፤ አንዱ የምድጃ መንገድ፣ ሌላው የክሬን መንገድ ይባላል። እኛም ሰንጋ ተራ እንላለን፤ በሬ ከጠፋበት ስንት ዘመን ሆነው። በየደጁ ጥቅል ዕቃ ተቀምጧል፤ ፖስተኛው ትቶት የሄደ ነው፤ ባለቤቱ ማታ ነው የሚያነሳው። ካዛንቺስ ቢሆን ጎረቤት ትቀበልለት ነበር፤ ጎረቤት ከሌለችም ሌላ ሰው ይቀበለው ነበር። ከምድጃ መንገድ እስከ ክሬን መንገድ ስሄድ ያገኘሁት ሰው አንድ መስኮት ጠራጊ ብቻ ነው። የገላን ጉራ ቀትርም እንዲህ ነው። ሰው ጎህ ሳይቀድ ተሰልፎ አውቶቡስ ይዞ ወደ መሃል ከተማ ይሄዳል፤ ቀን የሚቀሩት ሽማግሌና ሕፃን ናቸው።

ከእራት በኋላ እትዬ ማርግሬት ስለ ፋብሪካው አጫወቱኝ። ምድጃው ሲከፈት ሰማዩ ቀይ ይሆን ነበር አሉ፤ አልጋ ላይ ተኝተው በዚያ ብርሃን ማንበብ ይቻል ነበር። ቀይ አቧራው ደግሞ የተሰጣ ልብስ ላይ ይሰፍራል። «ስንቴ እንደረገምነው! እስከ አሁን ድረስ ነጭ አንሶላ ውጭ አላሰጣም። አቧራው ከጠፋ ስንት ዓመቱ፤ እጄ ግን እምቢ ይላል።»

ከዚያ ወደ ጎረቤት ግድግዳ አመለከቱኝ። ቶሚ የሚባለው ጎረቤታቸው፣ ከባላቸው ጋር ማቅለጫው ላይ የሠራ ሰው፣ ባለፈው ሳምንት ሞቷል። ቀብሩ ዓርብ ነው።

«ባለፈው ሳምንት ሞቶ ዓርብ?» አልኩ። እኛ ጋ ጠዋት የሞተ ማታ ቤቱ አያድርም።

«ዓርብ። ቶሎ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ባለቤቱ ጋ መች ሄዱ?»

«ካርድ ልኬላታለሁ። በዚህ ጊዜ ሰው ቤት አይኬድም። ብቻዋን መሆን ትፈልግ ይሆናል።»

ለቅሶና እኔ የምንለያየው በአንድ የጡብ ግድግዳ ነበር። እንቅልፍ በቶሎ አልወሰደኝም።

ረቡዕ ጠዋት ቋሊማ፣ እንቁላልና በቅቤ የተጠበሰ ዳቦ ተደርድሮ ጠበቀኝ። የጾም ቀን መሆኑን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። እትዬ ማርግሬት አልተቆጡም። ጥቂት አስበው የአጃ ገንፎ በውሃና በጨው ብቻ ሠሩልኝ። «አባቴ ይህን ነበር የሚበላው። ስኳር የሚጨምርበትን ሰው እንግሊዛዊ ነው ይል ነበር።» ገንፎው መሃሉ ላይ ለቅቤ የሚሆን ጉድጓድ የለውም እንጂ ገንፎ ነው። ጨርሼ ጨመርኩ፤ ደስ አላቸው።

ከሰዓት በኋላ አላስችል አለኝ። ከዳቦ ቤት አንድ ትልቅ ዳቦ ገዛሁ፣ ጥቁር ሻርፔን ተከናነብኩ፣ የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ። የከፈተልኝ ጎልማሳ ልጃቸው ስቱዋርት ነው። ግላስጎው ኢንሹራንስ ውስጥ ይሠራል፤ ለሐዘኑ ፈቃድ ወስዷል።

«ምን ልርዳሽ?»

ለቅሶ መድረስን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚሉት አላውቅም። «ለመቀመጥ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ለመቀመጥ?»

«አዎ።»

ዳቦውን አየው። እኔን አየኝ። «ከቤተ ክርስቲያን ነሽ?»

«ከአዲስ አበባ ነኝ።»

ከውስጥ የሴት ድምፅ መጣ። «ስቱዋርት፣ ማነው?»

«አላውቅም እማዬ። ልትቀመጥ የመጣች ሴት ናት።»

«ታዲያ አስቀምጣታ!»

ሟቹ ሲቀመጥበት ከኖረው ወንበር አጠገብ ተቀመጥኩ። የባለቤቱ ስም ጂን ነው፤ ደቃቃ ሴት፣ ዓይናቸው ደርቋል። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» የሚለውን እንደምንም ተርጉሜ አልኩና ዝም አልኩ። ስቱዋርት ሻይ አቀረበ። እኔ ዝም። መጀመሪያ ላይ ተጨነቁ፤ የመጣሁበትን ጉዳይ እስክናገር ይጠብቁ ነበር። ሌላ ጉዳይ እንደሌለኝ ሲገባቸው ጂን ማውራት ጀመሩ። ከቶሚ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ቶሚ ለወራት የምሳ ዕቃውን ይዞ በሰዓቱ ከቤት እየወጣ መናፈሻ ይውል እንደነበር፣ የጡረተኞች ክበቡም ሰው እየሳሳ እንደተዘጋ። አመሻሹ ላይ በግድግዳው በኩል ድምፃችንን የሰሙት እትዬ ማርግሬት ኬክ ይዘው መጡ። «ሰው ቤት አይኬድም ያልኩት እኔ ነኝ» አሉና ተቀመጡ።

ጠረጴዛው ላይ ትናንሽ ካርዶች ነበሩ። በእያንዳንዱ ላይ የሬሳ ሣጥን ተስሏል፤ ዙሪያውን ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር አለ። ምንነቱን ጠየቅኩ።

ስኮትላንድ ውስጥ ሣጥን ወደ መቃብር የሚወርደው በስምንት ገመድ ነው። እያንዳንዱን ገመድ የሚይዘው ሰው አስቀድሞ ይመረጣል፤ ካርድ ይሰጠዋል፤ ቦታው ቁጥሩ ነው። አንደኛው ራስጌ፣ የበኩር ልጅ። ከዚያ ወንድም፣ የእህት ልጅ፣ የሥራ ባልደረባ። ገመድ መያዝ ክብር ነው። የቶሚ ስድስቱ ገመዶች ሰው አግኝተዋል። ሰባተኛውና ስምንተኛው ማቅለጫው ላይ አብረውት ለሠሩት የታሰቡ ነበሩ። ከእነርሱ በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው፣ ሌላው ልጁ ጋ እንግሊዝ አገር ገብቷል። አዲሶቹ ጎረቤቶች ዓርብ ሥራ ናቸው።

«የቀብር ድርጅቱ ሰዎች ሁለቱን ይይዛሉ እማዬ። የተለመደ ነው» አለ ስቱዋርት።

«ቶሚን በደመወዝ የሚይዘው ሰው እንዲያወርደው አልፈልግም» አሉ ጂን። ድምፃቸውን አላነሱም።

የእትዬ በላይነሽ ጥያቄ ትዝ አለኝ። መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሐሙስ ጠዋት ስነሳ እትዬ ማርግሬት ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። «ሰው የሚገኘው አሁን ነው» አሉ። ወደ ጣቢያው ሄድን። ማክሰኞ ያየሁት ሰልፍ እንዳለ አለ። ከመድረኩ ጫፍ ጀምረው እያንዳንዱን ሰው ያቆሙ ጀመር።

«ይቅርታ፣ ነገ ጠዋት ለጎረቤቴ ቀብር አንድ ገመድ የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ።»

አንዱ ጆሮው ላይ የሰካውን አወጣና መልሶ ሰካ። አንዷ ይቅርታ ጠይቃ ሰዓቷን አየች። አንዱ ገንዘብ የሚሰበስቡ መስሎት ኪሱን ዳበሰ። እኔ ዳር ቆሜ ፊቴ ጋለ፤ እሳቸው ግን ሰው ፊት ማፈርን የረሱ ነበሩ። ባቡሩ ከሩቅ ሲታይ የብስክሌት ቆብ ያንጠለጠለ ሰው ጋ ደረሱ።

«ማነው የሞተው?»

«ቶሚ። ረጅሙ፣ ባለ ግራጫ ኮፍያ። ድሮ ይሠራበት በነበረው ቦታ፣ ክሬን መንገድ ጥግ ላይ የሚቆመው።»

«የቆሻሻ በርሜሌን ሁልጊዜ ከመንገድ ወደ ግቢ የሚያስገባልኝ ሰውዬ? ስሙን ዛሬ መስማቴ ነው።» ባቡሩ በሩን ከፈተ። እግሩን ደፉ ላይ አድርጎ፣ «በስንት ሰዓት ነው?» አለ። እትዬ ማርግሬት ካርዱን በሚዘጋው በር መሃል አቀበሉት።

ሰባተኛው ገመድ ያዥ አገኘ። ስምንተኛውን ለማን እንደሚሰጡ ጂን ወስነው ጠበቁኝ።

«አንቺ ትይዢዋለሽ።»

«እኔ ቶሚን አላውቃቸውም። ደግሞ በእኛ አገር ሬሳ የሚያወርዱት ወንዶች ናቸው።»

«በእኛም እንደዚያ ነበር። ወንዶቹ የሉማ።» ካርዱን እጄ ላይ አስቀመጡት። «ተቀምጠሽልኛል። ይበቃል።»

ዓርብ ጠዋት ካፊያ ነበር። መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከታች አዲሶቹ ቤቶች ይታያሉ። እኛ ጋ ከሬሳው ቀድሞ ለቅሶው ነው የሚሰማው፤ እዚህ የሚሰማው ጃንጥላ ላይ የሚያርፈው ውሃ ነበር። ሙሾ የለም፤ ደረት የሚመታ የለም። ቁጥራችን ሲጠራ አንድ በአንድ ወጣን። ባለ ብስክሌቱ ሰው ከፊት ለፊቴ ቆሟል፤ የተዋሰው ክራባት አጥሮበታል። ገመዱ ጥቁር፣ ጫፉ ዘርፍ ያለው ነው። ጠቅልዬ ያዝኩት። ክብደቱ ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ነው፤ እጅ ላይ ግን ይሰማል። ቀስ እያልን ለቀቅን። ሣጥኑ መሬት ሲነካ ገመዱ ቀለለ። ከዚያ ሁላችንም ጫፉን ጣልነው።

ከቀብር በኋላ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ነበር። የቀረበው ሁሉ ሥጋ ነው። እትዬ ማርግሬት ከቦርሳቸው ፔርሙስ አወጡ፤ በዘይት የተሠራ የምስር ሾርባ። ዓርብም እንደምጾም ከረቡዕ ጀምሮ አስታውሰው ነበር። ባለ ብስክሌቱ ሰው ከጂን ጎን ተቀምጦ ስለ በርሜሉ ሲያወራ ጂን ሲስቁ አየሁ።

ቅዳሜ እትዬ ማርግሬት ጣቢያ ድረስ ሸኙኝ፤ መንገድ ላይ የእትዬ በላይነሽን ጥያቄ ነገርኳቸው። አንድ ጥቅል አጃ ሰጡኝ። «ለዚያች ለጠየቀችሽ ሴት።»

እሁድ ጠዋት ቦሌ ደረስኩ። ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ኡራኤል አጥር ሥር ተደረገ፤ ከየአቅጣጫው ለሚመጣው ሰው መሃል እሱ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሰፈራችን የነበረበትን አየሁ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ያማረ ነው፤ የእናቴ በረንዳ የት ጋ እንደነበር መለየት አልቻልኩም።

ሰብሳቢው አቶ ግርማ አጀንዳውን አነበቡ። ይፍረስ የሚሉት ቀድመው ተናገሩ፤ የሚሉት ሁሉ እውነት ነበር። ተራዬ ሲደርስ ስለ ስምንቱ ገመድ ነገርኳቸው።

«ስምንት ሰው?» አሉ ጡረተኛው ሹፌር አቶ ተክሌ። «የእኔ ለቅሶ ላይ ስምንት ሰው ብቻ ከመጣ ተነስቼ ነው የምሄደው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ተክሌ» አሉ አቶ ግርማ፣ «ባለፈው ቀብር ላይ ድንኳኑን ስንጠብቅ ስንት ነበርን?»

ሳቁ ቆመ። አቶ ተክሌ ራሳቸው፣ «እንግዲህ ድንኳኑ ካዛንቺስ ምን ይሠራል? ሰው በሌለበት አስቀምጠን ሰው ወዳለበት ስናመላልስ!» አሉ። አብዛኛው አባል ያለው ገላን ጉራ ነው። ድንኳኑ ወደዚያ ይሂድ፣ አራብሳ ለቅሶ ሲኖር ወንበሩ ከዚያው ከአካባቢው ይሰብሰብ ተባለ። እጅ ሲወጣ የእኔም ይቀጥል ከሚሉት ጋር ወጣ። አለፈ።

«ቁልፉ ማን ጋ ይሁን?» አሉ አቶ ግርማ። «ለቅሶ ሰዓት አይመርጥም።»

አብዛኛው ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ነው።

«ቀን ቤት የሚውል ማነው?»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አጃውን ይዤ ገላን ጉራ ሄድኩ። እትዬ በላይነሽ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ጠየቅሽልኝ?»

«ስምንት ሰው በስምንት ገመድ ነው የሚያወርዳቸው እትዬ። ሁለት ጎድሎ ነበር።»

«ሞላ?»

«ሞላ።»

«በማን?»

«በባቡር ተሳፋሪና በኔ።»

«እጅሽን አሳዪኝ» አሉ። መዳፌን አገላብጠው አዩና ለቀቁኝ። አጃውን ተቀብለው አሸተቱት፣ «ገብስ ይሻላል» ብለው አስቀመጡት።

ድንኳኑን የጫነው መኪና አስር ሰዓት ላይ ደረሰ። ድንኳኑ እትዬ በላይነሽ የሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ገባ። ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው፤ የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል።